«ስልክ» የሽቦ ስም ነው፦ ከባሕር ዳር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በባሕር ዳር ከተማ ሽምብጥ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው «ስልክ የሚለው ቃል ከየት መጣ?» ብሎ ጠይቋቸው መልስ እንዳጡለት ጽፈዋል። አንድ የጎረቤት ወጣት ቃሉ ሐር ማለት ከሆነው ከእንግሊዝኛው «ሲልክ» የተወሰደ ነው ብሏቸዋል። የልጁ አያት በበኩላቸው ድምፅ በሽቦ ውስጥ ሾልኮ የሚሄድ ስለሆነ «ሾለከ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው ብለው ተከራክረዋል። ጠያቂዋ በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራሉ፦ ዓለም ሁሉ «ቴሌፎን» ሲል እኛ ለምን ብቻችንን ቀረን? ስልክ ስናነሣ የምንለው «ሃሎ»ስ ከግእዙ «ሀሎ» ጋር ዝምድና አለው ወይ? የቋንቋ ታሪክ በዚሁ ከተማ ለረጅም ዓመታት ያስተማርሁ ስለሆንሁ ጥያቄው ወደ እኔ ደርሷል፤ ልጁ የጠየቀው ነገር ከብዙ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የተሻለ ጥያቄ ሆኖ ስላገኘሁትም መልሱን አላሳጠርሁትም።

ከሁሉ አስቀድሜ ዋናውን ልበል። «ስልክ» ከአረብኛ የመጣ ቃል ነው። በአረብኛ «ሲልክ» ማለት ሽቦ ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ትርጉሙ ደግሞ ዕንቍና ጨሌ የሚሰካበት ክር ነው። ስለዚህ በየኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ዕቃ፣ በስሙ ብቻ ከሄድን፣ «ሽቦ» ይባላል። የጎረቤትዎ ልጅ የጠቀሰው የእንግሊዝኛ ቃልና ይህ የአረብኛ ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንድ ሆነው መታየታቸው እውነት ነው፤ ወጣቱን ያሳሳተውም ይኸው ይመስለኛል። የእንግሊዝኛው ቃል ግን ምንጩ በጥንቱ የሐር ንግድ መንገድ ወደ ምሥራቅ እስያ የሚወስድ ሲሆን፣ የአረብኛው ከሴማዊ ሥር የበቀለ ነው። ሁለቱ የተገናኙት በፊደል ብቻ ነው።

አንድ ቃል የቤት ልጅ ነው ወይስ እንግዳ የሚለውን ለመለየት መጀመሪያ የምፈልገው ዘመዶቹን ነው። «ልብስ» ካለ «ለበሰ» አለ፤ «ክምር» ካለ «ከመረ» አለ። «ስልክ»ን ግን ከሽቦም ሆነ ከመልእክት ጋር የሚያዛምድ ግሥ በአማርኛ አናገኝለትም፤ ብቻውን የቆመ ነው። ወደ አረብኛ ስንሄድ ቤተሰቡን በሙሉ እናገኛለን። «ሰለከ» በመንገድ ሄደ፣ በአንድ ነገር ውስጥ ገብቶ አለፈ ማለት ነው፤ «መስለክ» መንገድ ነው፤ «ሱሉክ» የሰው አካሄድና ጠባይ ነው፤ «ሲልኪ» ባለ ሽቦ፣ «ላሲልኪ» ሽቦ አልባ ማለት ነው። የዲፕሎማቶችን ጓድ እንኳ አረቦች በዚሁ «ሲልክ» በሚለው ቃል ይጠሩታል፤ በአንድ ክር እንደ ተሰካ ጨሌ ሰልፍ የያዙ ሰዎች መሆናቸው ነው።

ድምፁም ከዚህ ጋር ይስማማል። ፍንጃል የምንለው የቡና ዕቃ በአረብኛ «ፊንጃን» ነው፤ «ፊ» በእኛ አፍ «ፍ» ሆኗል። «ሲልክ» ወደ «ስልክ» ሲለወጥ የሆነውም ይኸው ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «ልክ» ደግሞ «መልክ» ከሚለው ቃል ጋር ቤት ስለሚመታ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ቃሉ የአገር ልጅ መስሎ የኖረው ለዚህ ነው። በዚህ ረገድ ብቻውንም አይደለም፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዳር የፎገራ ገበሬ በስፋት የሚያመርተው ሩዝ፣ ሩዙ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ሁለቱም ስማቸውን ያገኙት ከአረብኛ ነው፤ ይህን ግን በገበያ ላይ የሚያስታውሰው ሰው የለም።

የአያቱ አስተያየት ከወጣቱ ይልቅ ክብር የሚገባው ነው፤ የአረብኛው ግሥ በአንድ ነገር ውስጥ ዘልቆ ማለፍን ስለሚያመለክት በትርጉም ከ«ሾለከ» ብዙም አይርቅምና። የሚያሰናክላቸው ድምፁ ነው። በአማርኛ «ሰ» ወደ «ሸ» መለወጡ የተለመደ ሲሆን «ሸ» ወደ «ሰ» ተመልሶ አናይም። ከዚያም በላይ፣ ከ«ሾለከ» ስም ይውጣ ቢባል የ«ሾ» ክብ ድምፅ አሻራውን ትቶ ያልፍ ነበር፤ «ሹልክ ብሎ ወጣ» የምንለው ስለዚህ ነው። «ሹልክ» ቢባል ኖሮ አያቱን እደግፍ ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ጥያቄ ልሂድ፦ መሣሪያው «ቴሌፎን» ተብሎ ተሠርቶ ሳለ እኛ ዘንድ «ሽቦ» ተብሎ ለምን ቀረ? ለዚህ በመጀመሪያ «ቴሌፎን» የሚለው ስም ራሱ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ቃሉ ከሁለት የግሪክ ቃላት፣ «ቴሌ» (ሩቅ) እና «ፎኔ» (ድምፅ) የተገጠመ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ዣን ፍራንሷ ሱድር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በሙዚቃ ድምፅ ከሩቅ መልእክት ለማስተላለፍ ላሰበው ዘዴ ተጠቅሞበታል። ጀርመናዊው ፊሊፕ ራይስ እ.ኤ.አ. በ1861 ለሠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያም ይህንኑ ስም ሰጥቶታል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1876 ያገኘው ዝነኛ የፈጠራ መብት ግን ርእሱ ስለ ቴሌግራፍ መሻሻል የሚናገር ነበር። «ቴሌግራፍ»ም ቢሆን ከሽቦ ይቀድማል፤ እ.ኤ.አ. በ1794 ፓሪስን ከሊል ያገናኘው የክሎድ ሻፕ ቴሌግራፍ በማማ ላይ የተተከሉ የእንጨት ክንዶች እየተወዛወዙ መልእክት የሚያቀባብሉበት ነበር፤ ሻፕም በመጀመሪያ የመረጠለት ስም «ፈጣን ጸሐፊ» የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ «ሩቅ ጸሐፊ» የሚለው በሌላ ሰው ምክር የተተካ ነው። እነዚህ ሁሉ ግሪክኛ የተማሩ ሰዎች በወረቀት ላይ የገጠሟቸው ስሞች ናቸው። እንዲህ ያለ ስም የሚጓዘው በውል፣ በደብዳቤና በባለሥልጣን ማኅተም ነው።

ወደ እኛ አገር የስልክ ሥራ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሸፍነው መስመር ዝርጋታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1894 እንደሆነ የቴሌኮሙኒኬሽኑ መሥሪያ ቤት ታሪክ ይናገራል። እስቲ በዚያ መንገድ ዳር ከብት የሚጠብቅ ሰው ምን እንዳየ እናስብ። መሣሪያው በቤተ መንግሥትና በሹማምንት ቤት ነው ያለው፤ እሱ አያየውም። የሚያየው በየእርቀቱ የተተከለ እንጨትና በእንጨቱ ላይ እየተንጠለጠለ ከአድማስ አድማስ የሚሄድ ሽቦ ነው። ያንን ሽቦ የሚዘረጉት፣ የሚያጓጉዙት፣ ስለሱ የሚነግሩት ሰዎች ደግሞ ሐረርን ከዘይላ፣ ከጂቡቲና ከኤደን ጋር በሚያያይዘው የንግድ ዓለም ውስጥ የነበሩ ናቸው፤ የዚያ ዓለም የመግባቢያ ቋንቋ አረብኛ ነበር። ሐረር ራሷ ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ1875 እስከ 1885፣ በግብፆች እጅ እንደ ነበረች መዘንጋት የለበትም። አረብኛ በምዕራብም በኩል በመተማ ገበያ እስከ ጎንደርና እስከ ጣና ዳር ይደርስ ነበር፤ ሆኖም የመጀመሪያው መስመር የተነሣበትን ቦታ ስመለከት፣ ቃሉ በምሥራቁ በር ገባ ወደሚለው አደላለሁ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። አረቦች መሣሪያውን «ሲልክ» ብለው አይጠሩትም። «ቲሊፎን» ይሉታል፤ በጽሑፍ ሲያምሩበት ደግሞ «ሃቲፍ» ይላሉ፤ ይህም በጥንቱ አነጋገር አካሉ ሳይታይ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ጠሪ ማለት ነበር። የሽቦውን ስም ወስዶ ለመሣሪያው፣ ለአገልግሎቱና ለንግግሩ ሁሉ የሰጠው አማርኛ ነው። ለሽቦ ለራሱ «ሽቦ» የሚል ቃል ስላለን፣ የተዋስነው ቃል ከመጀመሪያ ትርጉሙ ተላቅቆ ሌላ ሥራ ለመያዝ ነጻ ሆነ። ውጤቱን ለማየት «የስልክ ሽቦ» የሚለውን አባባል ብቻ መመልከት ይበቃል፤ በቃሉ ታሪክ ከተመነዘረ «የሽቦ ሽቦ» ማለት ነው። (በምኒልክ ዘመን አንዳንድ ካህናት አካል የሌለው ድምፅ በመስማታቸው ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙ የሚል ወግ በሰፊው ይነገራል። ወጉ እውነት ከሆነ፣ አረቦች «ሃቲፍ» ብለው በክብር የሰየሙትን ያንኑ የማይታይ ጠሪ እኛ ለማባረር ጠበል ልንረጭበት ነበር ማለት ነው።)

ብቻችንን ቀረን ለሚለው ስጋትዎ መልሱ፦ አልቀረንም። መሣሪያውን በሽቦው የጠሩ ሕዝቦች ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም የሚገርመኝ ደግሞ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ እዚያው መድረሳቸው ነው። የአይስላንድ ሰዎች የባዕድ ቃል ወደ ቋንቋቸው ማስገባት ስለማይወዱ፣ በጥንት ጽሑፎቻቸው ውስጥ ክር ወይም ገመድ የሚል ትርጉም የነበረውን ቃል አንሥተው ስልክን «ሲሚ» አሉት። ስዋሂሊ ስልክን «ሲሙ» ይላል፤ ይህ ከፋርስኛው «ሲም» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሽቦ ነው። በናይጄሪያና በኒጀር የሚነገረው ሐውሳ «ዋያ» ይላል፤ ይህም ሽቦ ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። የሕንድ ሰዎች ቴሌግራምን «ታር» ይሉት ነበር፤ ታር ማለት ሽቦ ነው። ቱርኮች ሬዲዮ መገናኛን «ቴልሲዝ»፣ ማለትም ሽቦ አልባ፣ ይሉታል። እንግሊዞችም ቢሆኑ በአንደበታቸው ቴሌግራምን «ሽቦ» ሲሉት ኖረዋል። እንግዲህ አማርኛ ከዓለም ተነጥሎ የቀረ ቋንቋ አይደለም፤ ከሬይክያቪክ እስከ ዛንዚባር በሚዘረጋ የሽቦ ማኅበር ውስጥ ያለ አባል ነው።

ይሁን እንጂ ይህን የመሰለ ዝርዝር ሲያዩ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ቀደም ሲል ወጣቱን የጣለው ወጥመድ እዚህም ተዘርግቷልና። የአይስላንዱ «ሲሚ» እና የስዋሂሊው «ሲሙ» በድምፅም በትርጉምም ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በመነሻቸው ክር ወይም ሽቦ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ፣ ሌላው ከፋርስ የመጣ ስለሆነ ግንኙነታቸው የአጋጣሚ ብቻ ነው። ስልካችን ውስጥ የምንከተው «ሲም ካርድ» ደግሞ ሦስተኛ ነው፤ እሱ የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ምሕጻር ነው። የቱርክኛው «ቴል» ክርና ሽቦ ማለት ሲሆን ከግሪኩ «ቴሌ» ጋር አይዛመድም። የቃል ዝምድና የሚረጋገጠው ሁለት ቃላት በመምሰላቸው ሳይሆን አንዱ ከሌላው የሄደበት መንገድ፣ የተሸከመው ሰውና ዘመኑ ሲታወቅ ነው። ተማሪዎቼን በዚህ ነገር ብዙ አድክሜያቸዋለሁ።

የራሳቸውን ቃል የፈጠሩም አሉ፤ በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ጀርመኖች በፖስታ ሹማቸው በሃይንሪሽ ፎን ሽቴፋን ጊዜ «ሩቅ ተናጋሪ» የሚል የራሳቸውን ስም አውጥተው ለመቶ ዓመት ያህል በመንግሥት ወረቀት ላይ ተጠቅመውበታል፤ ሕዝቡ ግን «ቴሌፎን» ማለቱን አልተወም። ፊንላንዶች «መናገር» ከሚለው ግሥ «ፑሄሊን» የሚል ስም አወጡ፤ ይህ ሠርቷል። ቻይናውያን በመጀመሪያ የባዕዱን ድምፅ እንዳለ በራሳቸው ፊደል ጽፈውት ነበር፤ በኋላ ግን በጃፓን የተፈጠረውንና «የኤሌክትሪክ ንግግር» የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ተቀበሉ።

ከአገራችን ሳንወጣ ብዙ የሚባል ነገር አለ። ኦሮምኛ መሣሪያውን የጠራው በሽቦው አይደለም፤ በጩኸቱ ነው። «ቢልቢላ» ደወል ማለት ነው፤ ስልክም ማለት ነው። ትግርኛ «ስልኪ»ም «ተሌፎን»ም ይላል፤ ከኋለኛው ጀርባ ጣሊያንኛ ይሰማል። ይህ ሁሉ ሲሆን አማርኛ ደወሉን ፈጽሞ አልተወውም፤ ስሙን ከሽቦ ሲወስድ ግሡን ከደወል ወሰደ። «ስልክ ደወለ» ስንል ሁለት ሥዕል አንድ ላይ ገጥመን «ሽቦን እንደ ደወል መታ» ማለታችን ነው። ባሕር ዳር ለሚኖር ልጅ ይህን ለማስረዳት የሚቀልል ምሳሌ አለ፤ በዘጌና በጣና ደሴቶች ገዳማት ግቢ በገመድ የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወል ያሳዩት። ያ ድንጋይ ሲመታ የሚሰማው ሰው መቺውን አያየውም፤ ግን እንደ ተጠራ ያውቃል። (ግእዝ ለዚህ ዕቃ «መጥቅዕ» የሚል ቃልም አለው፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው በሌላ ትርጉሙ ያውቀዋል።) ኦሮምኛና አማርኛ እዚህ ላይ የተገናኙት አንዱ ከሌላው ቃል ሳይዋስ፣ በአንድ ድምፅ ላይ አንድ ዓይነት ነገር በማየታቸው ነው።

«ስልክ ምታልኝ» የሚለው የቀድሞ ሰዎች አነጋገርም እንዲሁ ሊታይ ይገባል። «ቴሌግራም መታ» ከሚለው ጋር የሚሄድ ነው፤ የግብፅ ሰዎችም በቀን ተቀን አረብኛቸው ስልክን «መታ» ይላሉ። የክሩ ነገር ደግሞ ሳናውቀው በሌሎች ግሦች ተመልሶ መጥቷል፤ «መስመሩ ተቋረጠ» እንላለን፤ የሰው ንግግር በስውር ሲደመጥ «ስልኩ ተጠለፈ» እንላለን፤ ጥበብ የሚጠለፈው፣ ውኃ ከወንዝ የሚጠለፈውም በዚሁ ቃል ነው። ለጥልፍ ሠሪም ለሰላይም አንድ ግሥ መስጠት ከአማርኛ በቀር ማን ይደፍራል!

«ቴሌፎን» ግን ወደ እኛ ሳይመጣ አልቀረም። የመጣው በሌላ በር፣ በቢሮ በር ነው። መንግሥት የፖስታ፣ የቴሌግራፍና የቴሌፎን ሚኒስቴር የሚል መሥሪያ ቤት ሲያቆም በጊዜው የዲፕሎማሲ ቋንቋ የነበረውን የፈረንሳይኛ አጠራር ተከትሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በአዋጅ የተቋቋመው ቦርድም «ቴሌኮሙኒኬሽን» የሚለውን ረጅም ስም ይዞ መጣ። ሕዝቡ ታዲያ ምን አደረገ? መሣሪያውን «ስልክ» እንዳለ ትቶ፣ ከረጅሙ ስም የፊተኛውን ቁራጭ ብቻ ቆርጦ ለመሥሪያ ቤቱ ሰጠው፤ «ቴሌ ሄጄ መጣሁ»። በግሪክኛው ብንተረጉመው «ሩቅ ሄጄ መጣሁ» ይሆናል፤ የሄድነው ግን ሁለት መንገድ ተሻግረን ነው። መስመር በየቤቱ ባልገባበት ጊዜ ሰዎች የጥሪ ወረቀት ደርሷቸው እዚያው ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ የሚጠብቁ ስለ ነበር፣ ሩቅ ያለ ሰው የሚገኝበት ቦታ «ሩቅ» መባሉ ብዙም አያስቀይምም።

በዚህ ጠባይ ባሕር ዳርን የሚያህል ከተማ አላውቅም። የባጃጅ ረዳት ወይም ሹፌር ወደ ሁለቱ የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች «ፔዳ! ፖሊ!» እያለ ሲጣራ ሁለት የግሪክኛ ቁራጮችን እየተጣራ ነው። «ፔዳ» ፔዳጎጂ ከሚለው የተቆረጠ ሲሆን በሥሩ ልጅ ማለት ነው፤ «ፖሊ» ፖሊቴክኒክ ከሚለው የተቆረጠ ሲሆን ብዙ ማለት ነው። «ቴሌ»ን ሲጨምሩበት አንድ ሰው በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልጅን፣ ብዙንና ሩቅን ዞሮ ይመለሳል። ይህን እንደ ስህተት የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ አልቈጥረውም። የተዋሰ ሰው ዕቃውን በራሱ ልክ የመቁረጥ መብት አለው፤ ቴሌብር የሚለው የገንዘብ አገልግሎት ስምም በግሪክ ቁራጭና በራሳችን ብር መገጠሙ የዚሁ መብት ውጤት ነው።

«ቴሌግራም» የሚለው ቃል ዕጣ ግን ከሁሉም ይለያል። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ቴሌግራም መጣ ሲባል ልባችን ይመታ ነበር፤ በጥቂት ቃላት የተጻፈች አጭር ወረቀት ብዙ ጊዜ የምትይዘው መርዶ ነበርና። ሕንድ የመጨረሻውን ቴሌግራም አገልግሎት የዘጋችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ነው፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ዛሬ ልጅዎ የሚያውቀው ቴሌግራም የተባለው መተግበሪያ ሥራ ጀመረ። አንድ ቃል በአንድ ክረምት ሞቶ ተነሣ ማለት ይቻላል፤ ሲነሣም ከወረቀቱ፣ ከሽቦውና ከመርዶው ተለይቶ ነው የተነሣው። በጣና ዳር ወደብ ላይ ጀልባ የሚጠብቅ ተማሪ «ቴሌግራም ላይ ላክልኝ» ሲል የሰማ የድሮ ሰው ማን ሞተ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ስልክ ራሱ ሽቦውን ሲጥል ምን ሆነ? ተንቀሳቃሽ ስልክ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በአዲስ አበባ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሽቦ ያለው ስልክ ብርቅ እየሆነ መጥቷል። ስሙ ግን አልተለወጠም። «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል በቃሉ ታሪክ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ነው፤ ማንንም አያደናግርም፤ ምክንያቱም በአማርኛ ተናጋሪ አእምሮ ውስጥ ቃሉ ከሽቦ ጋር የነበረው ውል ከተፈታ ቆይቷል። እዚህም ማኅበርተኞቻችን አብረውን አሉ። የሐውሳ ሰዎች «ዋያር ሃኑ» ይላሉ፤ የእጅ ሽቦ ማለት ነው። ስዋሂሊ «ሲሙ ያ ምኮኖኒ» ይላል፤ እሱም በእጅ ያለ ሽቦ ነው። የአይስላንዱ «ፋርሲሚ» ተጓዥ ክር ነው። እኛም «የእጅ ስልክ» እንላለን። ቻይናውያን «የእጅ ማሽን» በሚል ስም ሲጠሩት፣ ጀርመኖች ደግሞ እንግሊዞች ራሳቸው በዚህ ትርጉም የማያውቁትን «ሃንዲ» የሚል እንግሊዝኛ መሰል ቃል ፈጥረውለታል። ሽቦው ሲጠፋ የሁሉም ዓይን ወደ እጅ መዞሩ ያው በከብት ጠባቂው ያየነው ነው፤ ሕዝብ ስም የሚያወጣው ለሚያየው ነገር ነው።

በኮሚቴ የተሠሩ ቃላትን በዚህ መመዘን ይቻላል። «ድረ ገጽ» እና «በይነመረብ» በጥንቃቄ የተሠሩ መልካም ቃላት ናቸው፤ በጽሑፍ እጠቀምባቸዋለሁ። በአፍ ግን «ኢንተርኔት» አሸንፏል። «ተንቀሳቃሽ ስልክ»ም በዜና ይነበባል እንጂ በቤት «ሞባይል» ወይም በደፈናው «ስልክ» ነው የሚባለው። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ «ስልክ» ማንም ሳይሾመው ገብቶ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ስለሆነ፣ ከእሱ ጋር መወዳደር ለማንኛውም አዲስ ቃል ከባድ መሆኑን ለማሳየት ነው።

የቀረኝ «ሃሎ» ነው። ቤል ስልክ ሲነሣ እንዲባል የፈለገው መርከበኞች የሚጠራሩበትን «አሆይ» የሚል ቃል ነበር፤ ለጣና ታንኳ ቀዛፊ ይህኛው ሳይሻል አይቀርም። ያሸነፈው ግን ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1877 ያቀረበው «ሄሎ» ነው። ቃሉ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ አድርጎ ወደየአገሩ ሲደርስ «ሃሎ»፣ «አሎ» እየተባለ ተሰራጨ፤ ጣሊያኖች ግን «ፕሮንቶ»፣ ማለትም ዝግጁ ነኝ፣ ማለቱን መረጡ። ከግእዙ «ሀሎ» ጋር ዝምድና የለውም። የግእዙ ቃል «አለ፣ ይኖራል» ማለት ሲሆን የአማርኛው «አለ» ዘመድ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸው «ሲሚ»ንና «ሲሙ»ን ያገናኘው ዓይነት አጋጣሚ ነው። አያቱ በዚህኛውም መረታታቸው ቅር እንዳያሰኛቸው ግን አንድ ነገር ልጨምር። የአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ስልክ አንሥቶ ከወዲያኛው ጫፍ «ሀሎ?» ሲባል «ሀሎኩ»፣ «አለሁ» ብሎ ቢመልስ፣ የግእዝ ሰዋስው ምንም አይቃወመውም።